የውሃ ማማዋ ከፈረሰች በኋላ

የዘንድሮውን መጽሔት የሚያዘጋጁት ልጆች ደውለው «ዶክተር፣ አንድ ነገር ጻፊልን እንጂ» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌው ሽሮና ስለ አናቶሚ ፈተና መጻፍ ነበር። ያለፉትን እትሞች ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ግን ከኛ በፊት የነበሩት ባቾች ስለ ሽሮው የሚባለውን ሁሉ ብለው ጨርሰውታል። እንግዲያው እኔ ስለ ውሃ ልጻፍ። በተለይ ስለ ውሃ ማማ፣ እሱም በእንግሊዝ ገጠር ስለነበረው። መጨረሻ ላይ ወደ ግቢያችን መመለሴ አይቀርም፤ እስከዚያ ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከተመረቅሁ በኋላ ጥቂት ዓመት እዚሁ አገር ሠርቼ ለሥነ አእምሮ ሕክምና ሥልጠና ወደ እንግሊዝ ሄድኩ። የተመደብኩት በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። የመጀመሪያ ቀን የአውቶቡሱን ሹፌር የት ልውረድ ብዬ ብጠይቀው «ማማዋ ስትታይሽ ደወሉን ተጫኚ» አለኝ። እውነትም ከዛፎቹ በላይ ቀይ የሸክላ ጡብ ግንብ ብቅ አለ፤ ረጅም፣ አራት ማዕዘን፣ አናቱ ላይ ሾጣጣ ጣሪያ ያለው። ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ላማትብ ምንም አልቀረኝም። ጠጋ ስል ደወልም መስቀልም የለውም። መስኮት የሚመስሉት ቅስቶች በጡብ የተደፈኑ ናቸው። በኋላ ስጠይቅ የድሮው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የውሃ ማማ መሆኑን ነገሩኝ። ሆስፒታሉ ራሱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ እኛ የምንሠራው እዚያው ግቢ ጥግ ላይ በተሠራ አዲስ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነበር።

ነገሩ ከ1845 ይጀምራል። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ እያንዳንዱ የእንግሊዝና የዌልስ አውራጃ ለድሆች የአእምሮ ሕሙማን የራሱን መጠለያ እንዲሠራ አስገደደ። አሳይለም ይሏቸዋል። ከከተማ የራቀ ቦታ የተመረጠው መሬት ርካሽ ስለሆነ፣ አየሩ ጥሩ ስለሆነና ሕሙማኑ እርሻ ላይ እንዲሠሩ ነው፤ ይህ የተጻፈው ምክንያት ነው። ከዓይን ማራቅም አንዱ ምክንያት እንደነበር ለመገመት ግን የታሪክ ዶክትሬት አያስፈልግም። የሆነ ሆኖ አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ ሰው የሚኖርበት ከተማ ሜዳ ላይ ቆመ፤ የራሱ እርሻ፣ የራሱ ወጥ ቤት፣ የራሱ ላውንደሪ፣ የራሱ መቃብር ያለው። የከተማ ቧንቧ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ውሃውን ያወጣል፣ ውሃው ከፍታ ላይ ወደ ተቀመጠ ጋን ይገባል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ወደ ክፍሎቹ ይወርዳል።

ለሐኪም ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ግሉኮስ መስቀያ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ከረጢቱን ከፍ ስታደርጉት ይወርዳል፣ ዝቅ ስታደርጉት ደም ወደ ላስቲኩ ይመለሳል። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ወደ ሦስት የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይሰጣል። በደም ግፊት መለኪያ ብናነበው 2,200 ገደማ መሆኑ ነው! ፓምፑ ሌሊት ቢያርፍም፣ ቢበላሽም፣ ቦይለሩ ቢቀዘቅዝም ውሃው አይቋረጥም። ዶርም ውስጥ ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው የዚህን ጥቅም ከማንም በላይ ይረዳል።

ጋኑ ራሱ ያን ያህል የሚያምር ነገር አይደለም። በቅርጽ የፈሰሱ የብረት ሰሌዳዎች በብሎን ተያይዘው የተሠራ ትልቅ ሣጥን ነው። ግን አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ መቶ ቶንና ከዚያ በላይ ከዛፍ ጫፍ በላይ ለመሸከም ግድግዳው ከታች ወፍራም መሆን አለበት። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበሩት አርክቴክቶች ያንን ወፍራም ግድግዳ ራቁቱን መተው አላስቻላቸውም። የጣሊያን የደወል ቤት አስመሰሉት፣ በቀዩ ጡብ መሃል ቢጫ ቀበቶ አዞሩበት፣ ጋኑ ያለበትን አናት ወደ ውጭ ገፋ አድርገው ዘውድ አደረጉለት። አንዳንዱ ላይ የቦይለሩን የጭስ ማውጫ እዚያው ማማው ውስጥ አሳለፉት። አሳይለም በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ቻርልስ ሄንሪ ሃወልና ጆርጅ ቶማስ ሃይን ናቸው። ሃወል በሰሪ አውራጃ፣ ኩልስደን አጠገብ፣ ኬን ሂል የሚባለውን ኮረብታ ላይ ሠራ፤ በ1883 ተከፈተ። የቻርሊ ቻፕሊን እናት ከታከሙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሃይን በ1893 የተከፈተውን ክሌይበሪን በኤሴክስ ሠራ። የክሌይበሪ ማማ ዛሬም ከምሥራቅ ለንደን ይታያል። ያየሁት አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ነበር፤ ከታች ያለው ሁሉ ጠፍቶ እሱ ብቻ ተንሳፎ።

ይህን ሁሉ ወጪ ለምን አወጡ? ውበት ብቻ አይደለም። አንደኛው እሳት ነው። በ1903 ኮልኒ ሃች በሚባለው የሰሜን ለንደን አሳይለም ጊዜያዊ የእንጨት ክፍል ተቃጥሎ ከ50 በላይ ሴቶች ሞተዋል። ውሃ ቅርብ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ግፊት ያለው ውሃ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ታይፎይድ ነው። እኛ አገር ታይፎይድ ማለት መቼም… ትኩሳት ያለው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብህ» የሚባልበት፣ የዋይዳል ምርመራ ከ1896 ጀምሮ እስከ ዛሬ ጡረታ ያልወጣበት አገር ነው። ለቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዞች ግን ታይፎይድ ቀልድ አልነበረም። የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት በታኅሣሥ 14 ቀን 1861 ሲሞት ሐኪሞቹ የሰጡት ምክንያት እሱ ነበር። ልክ በአሥረኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ 1871 ላይ፣ አልጋ ወራሹ ስካርብራ አጠገብ በእንግድነት ካረፈበት ቤት በሽታውን ይዞ መጣና ሊሞት ደረሰ። እሱ ተረፈ። አብረውት እዚያ የነበሩት የቼስተርፊልድ መስፍንና የልዑሉ ፈረስ ጠባቂ ግን ሞቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1877፣ በኖርፎክ ገጠር ለልዑሉ የሳንድሪንግሃም ርስት የአፕልተን የውሃ ማማ ተሠራ።

ይህን ማማ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ንድፉን ያወጣው ሮበርት ሮውሊንሰን የኛ ሙያ ጎረቤት ነው። በ1855 ወደ ክሪሚያ ከተላኩት የጽዳት ኮሚሽነሮች አንዱ ነበር፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የነበረችባቸውን ሆስፒታሎች ፍሳሽና ውሃ ያስተካከለ ኮሚሽን። አፕልተን ላይ ያደረገውን ተመልከቱ። ስምንት ማዕዘን ማማ ነው፤ ታች የጠባቂው ቤተሰብ ይኖራል፣ ከነሱ በላይ ለልዑላኑ አገር መቃኛ ክፍል አለ፣ ከሁሉ በላይ ከ30,000 ጋሎን በላይ፣ ማለትም ከ130 ቶን በላይ ውሃ የሚይዝ የብረት ጋን አለ። የጠባቂው ምድጃ ጭስ ማውጫ በጋኑ መሃል ያልፋል። ለምን? ክረምት ላይ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ። ሚስትየው ወጥ ስትሠራ የልዑሉ ቧንቧ ከበረዶ ይድናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት ሳይ ልቤ ይሞቃል።

አሳይለሞቹም ከታይፎይድ ታሪክ ውስጥ አሉበት። በ1897 በኬንት፣ ሜይድስተን ከተማ፣ የምንጭ ውሃው ተበክሎ ከ1,800 በላይ ሰው ታመመ፤ ከ130 በላይ ሞተ። በከተማዋ ዳር የባርሚንግ አሳይለም ነበር። አልምሮዝ ራይት ገና አዲስ የነበረውን የታይፎይድ ክትባት ለሠራተኞቹ አቀረበላቸው። 84ቱ ወሰዱ፤ ከነሱ አንድም ሰው አልታመመም። ካልወሰዱት መካከል አራቱ ታመሙ። በዘመኑ መለኪያ ይህ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ፤ ዛሬ አንድ ተማሪዬ እንዲህ ያለ መረጃ ይዞ ቢመጣ ቁጥሩ ያንሳል ብዬ እመልሰዋለሁ። የሜይድስተንን ዋና ቧንቧዎች በክሎሪን ያጠቡትም በዚያው ወረርሽኝ ነው።

አሁን ወደ መጥፋቱ ልምጣ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝና በዌልስ የአእምሮ ሆስፒታሎች ወደ 150,000 ሰው ተኝቶ ነበር። ክሎርፕሮማዚን ገባ፤ በ1959 ሕጉ ተለወጠ። በመጋቢት 1961 የጤና ሚኒስትሩ ኢኖክ ፓወል በአንድ የአእምሮ ጤና ጉባኤ ላይ ተነሥቶ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከአልጋዎቹ ግማሹ፣ 75,000፣ እንደማያስፈልግ ተናገረ። ንግግሩን ዛሬም «የውሃ ማማው ንግግር» ይሉታል፤ ምክንያቱም የሚፈርሰውን ሥርዓት ለማሳየት ያነሣው ምስል ማማው ነበር፦ ከገጠሩ መሃል ብቅ ብሎ ሁሉን ከላይ የሚያይ ግዙፍ ማማ ከነጭስ ማውጫው። መርጦ ነው የመታው። አጥሩን፣ በሩን፣ ቁልፉን ማንሣት ይችል ነበር። ሰዉ ግን አሳይለም ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ማማው እንደሆነ ያውቅ ነበር። (ይኸው ሰው ነው በ1968 በበርሚንግሃም ስደተኞች ላይ ያንን የታወቀ ንግግር ያደረገው። እኔን የመሰለች ጥቁር ሐኪም እሱ ባዘጋው አሳይለም ደጃፍ ስትሠራ ቢያይ ምን ይል ነበር እያልኩ ዲዩቲ ላይ ብቻዬን የሳቅሁበት ሌሊት አለ።)

መዝጋቱ እሱ ካሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ፤ አብዛኞቹ የተዘጉት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ ማማዎቹን ምን እናድርጋቸው የሚል ጥያቄ መጣ። ሆስፒታሎቹ የከተማ ቧንቧ ካገኙ ወዲህ ጋኑ ሥራ ፈትቷል። ውሃ የሌለበት ጋን ይዝጋል፣ ርግብ ይገባበታል፣ ብርድ ጡቡን ይልጠዋል፣ መሬቱን የገዛው ቤት ሠሪ ደግሞ ማማውን የሚያየው እንደ ወጪ ነው። በሰሪ የነበረው ባንስቴድ ሆስፒታል ፈርሶ በቦታው እስር ቤት ተሠራ፤ ይህ አጋጣሚ አስተያየት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። በሱሴክስ ሃይን የሠራው ሄሊንግሊ፣ የድንጋይ ከሰሉን የሚያመጣለት የራሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የነበረው፣ ዋናው ሕንፃ በ1994 ተዘግቶ ዓመታት ሲዘረፍና ሲቃጠል ከቆየ በኋላ ማማው ጭምር ወረደ። የክሌይበሪ በቅርስነት ተመዝግቦ ስለነበር ሕንፃው መኖሪያ ቤቶች ሆኖ ማማውም ተረፈ። ብሮምስግሮቭ አጠገብ በነበረው ባርንስሊ ሆል ደግሞ ሆስፒታሉ ሲፈርስ ማማው ለብቻው ቀረ፤ አዳዲሶቹ ቤቶች መሃል ቆሟል። የኬን ሂልም ማማ ቆሟል፤ በዙሪያው የነበረው ግን አብዛኛው ጠፍቷል፤ ሊተርፍ የነበረው የአስተዳደር ሕንፃም በ2010 ተቃጠለ። አፕልተንን ከ1976 ጀምሮ ላንድማርክ ትረስት የሚባል ድርጅት ይዞት ለእረፍት ያከራየዋል። የልዑል ማማና የድሃ እብድ ማማ ዕጣቸው አንድ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

የኔ ማማ አልተመዘገበችም።

እኛ ክፍል ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እኔ በልቤ እማማ እላቸው ነበር። ሰማንያ አልፏቸዋል። ወደዚያ ግቢ የገቡት በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በጦርነቱ ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን የፋይላቸውን ገጽ አንብቤዋለሁ፤ ሁለት መስመር ነው፤ የተጻፈው ምክንያት ዛሬ ማንም ሐኪም በሽታ የሚለው አይደለም። ሆስፒታሉ ሲዘጋ የሚወስዳቸው ዘመድ አልነበረም፤ ስለዚህ ወደኛ አዲስ ሕንፃ ተዛወሩ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ብቻቸውን በአትክልቱ ዞረው ይመለሱ ነበር። የማስታወስ ምርመራ ስናደርግላቸው «አሁን ያለነው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ በመስኮቱ አሻግረው ያዩና «ከማማዋ ሥር» ይላሉ። ትክክል ነው ብለን ነጥብ እንሰጣለን።

ማማዋ የምትፈርስበት ሳምንት ራውንድ ላይ ተነጋገርን። እንዳያዝኑ መጋረጃውን እንዝጋ ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ሲሰሙ ተቆጡ። «ከስልሳ ዓመት በላይ ስታየኝ ኖራለች፣ እስቲ አሁን ደግሞ እኔ ልያት» ብለው ወንበር አስወጡ። ብርድ ልብስ ደርበን በረንዳ ላይ አስቀመጥናቸው። ክንደ ረጅሙ ኤክስካቫተር ከአናቷ ጀመረ። ጣሪያው ወረደ፣ ከዚያ የብረት ጋኑ ተገለጠ፤ ያን ሁሉ ዓመት ተደብቆ የኖረው፣ ዝገቱ ቡናማ፣ በጎኑ ብሎኖቹ ተደርድረው። ሰሌዳ በሰሌዳ እየተነቀለ ሲወድቅ ድምፁ እንደ ትልቅ ደወል ነበር። እማማ አጨበጨቡ። እውነቴን ነው፣ ልክ እንደ ልጅ። ከዚያ ሻይ ጠየቁ፣ በሁለት ስኳር። እኔ ሕንፃው አሳዝኖኝ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበርና አፈርኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአትክልቱ ሳይመለሱ ቀሩ። ሲፈለጉ አጥሩ ጋር ቆመው ተገኙ። በሳምንቱ ደገሙት። ምርመራውን ሳደርግላቸው «የት ነው ያለነው?» ስል ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ቆዩ፣ ዝም አሉ። ነጥቡን ቀነስኩ። ፋይላቸው ላይ የመርሳት በሽታ እየገፋ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ በሩ ወደሚቆለፈው ክፍል እንዲዛወሩም ጥያቄ አቀረብኩ። በፊርማዬ። ስለ አሳይለም ታሪክ ቅዳሜና እሑድ ስታነብ የምትውለው እኔ፣ ሰኞ ዕለት ሴትየዋን መልሼ ላስቆልፍባቸው ወረቀት ፈረምኩ።

ያስቆመችኝ ከጋና የመጣች ረዳት ነርስ ናት። ጎትታ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝና «ዶክተር፣ ይሄ መርሳት አይደለም እኮ። ሴትየዋ ሲመለሱ ማማዋን በግራ አድርገው ነበር የሚመጡት። እኔ ራሴ ሳያት ሳያት ለምጄ ትናንት የመኪና ማቆሚያው ጠፋኝ» አለችኝ። እሷም ሐኪም አይደለችም፤ እኔ ግን አልታየኝም ነበር። ጥያቄዬን ሰረዝኩ። እሷ ቀይ ቀለም አምጥታ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ያለችውን አግዳሚ ወንበር ቀባቻት፤ ለአሥር ቀን ያህል እማማን እጃቸውን ይዛ በዚያ አመላለሰቻቸው። ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ይመለሱ ጀመር። «የት ነው ያለነው?» ለሚለው ግን ከዚያ ወዲህ የሰጡን መልስ «እናንተ ጋ» የሚል ነበር። በቅጹ መሠረት ስሕተት ነው። ነጥብ ሰጠሁ።

እኔም አገሬ ተመልሼ እዚሁ ግቢያችን ሳስተምር ይኸው ዓመታት ሆኑ። ከሴቶች ዶርም ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ፣ አራት እግር ያለው የድሮው የብረት ታንከር ትዝ ይላችኋል? እኛ ተማሪ ሳለን ውሃ አልነበረበትም፤ ግን «ታንከሩ ሥር እንገናኝ» ያልተባባለ የለም፤ ሁለት ሦስት ትዳርም ከዚያ እንደጀመረ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት አዲስ ሕንፃ ሊሠራበት ተነቅሎ ወጣ፤ በቦታው አምስት ጥቁር ሮቶ ተደርድሯል። ሮቶዎቹ ውሃ አላቸው፤ ይህን መካድ አልችልም። የታንከሩን ቁመት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ማን እንዳቆመው የሚናገር ወረቀት ከግቢው ጥገና ክፍል ብጠይቅ የለም ተባልኩ። ፎቶ ደግሞ እኔ ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ የምረቃ ቀን የተነሣነው ሆኖ ከታንከሩ የሚታየው ሁለት እግር ነው፤ የቀረውን የጓደኛዬ ቆብ ሸፍኖታል። ከናንተ መካከል ሙሉውን የያዘ ፎቶ ያለው፣ ወይም ብረቱ ላይ የነበረውን ጽሑፍ የሚያስታውስ ሰው ካለ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ይስጥልኝ። በተለይ ከኛ በፊት የነበራችሁ ባቾች፣ ውሃ ሲወርድበት ያያችሁ።